የሻንሲው ዋስ

መኪና የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። በስሜ ተሽከርካሪ ቢፈለግ የሚገኘው አንድ ብስክሌት ነው፤ እሱም ከመሐል ሜዳ ነፋስ ጋር ሁለት ክረምት ታግሎ ተሸንፎ ግድግዳዬን ተደግፎ ቆሟል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከዚህ በታች ስለ መኪና የምተነትነውን ሁሉ ከማን አፍ እንደሰማችሁት ልብ እንድትሉ ነው። በኋላ «አልነገርከንም» እንዳትሉኝ።

ነገሩ የተጀመረው በስኳር ነው። ሞባይል ገና መንዝ አልደረሰም፤ ጋዜጣም ዜናው ካረጀ በኋላ የዕቃ መጠቅለያ ሆኖ ነበር የሚደርሰን። እኔ ደግሞ የተጻፈ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም። የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የሳሙና ልባስ፣ የሰው ደብዳቤም ቢሆን አነባለሁ፤ በሽታ ነው። ስኳሩን ጣሳ ውስጥ ገልብጬ ወረቀቱን ዘርግቼ ሳይ፣ በሠለጠነው ዓለም አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው አይታለልም ይላል። እያንዳንዷ መኪና ስትወለድ አሥራ ሰባት ፊደልና ቁጥር ተቀላቅሎ ብረቷ ላይ ይታተምባታል፤ በዚያ ቁጥር የት እንደተሠራች፣ ስንት ሰው እጅ እንደገባች፣ ከምን ጋር እንደተጋጨች፣ ጎርፍ ገብታ እንደሆነም ሳይቀር ይታወቃል። ይህን ቁጥር ይዞ ማንን እንዴት መጠየቅ እንደሚቻል ደግሞ በሚቀጥለው ዓምድ ተብራርቷል። የሚቀጥለው ዓምድ ግን ላምባ ጠጥቶ ጠፍቷል፤ ባለሱቁ ስኳሩንና ላምባውን አንድ ላይ ነበር ያቀበለኝ።

እንግዲህ ግማሹን አወቅሁ። ግማሽ እውቀት ያለው ሰው ዝም ቢል ደግ ነበር፤ እኔ ግን መምህር ነኝ። ወር ሙሉ ጠላ ቤት በገባሁ ቁጥር ስለ አሥራ ሰባቱ ቁጥር አወራሁ። ሰው ስለ ገብስ ሲያነሳ እኔ ስለ ሻንሲ አነሳለሁ። ሻንሲ ማለት የመኪና አጥንት ነው፤ ጎማውንም ሞተሩንም የሚሸከመው እሱ ነው፤ ቁጥሩም የሚታተመው እዚያ ነው። ይህን አሁን እናንተም ስላወቃችሁ ከኔ እኩል ሆናችኋል።

ሽፈራው የእህቴ የአስናቀች ባል ነው። ከዘመሮና ከመሐል ሜዳ ገበያ በግ እየገዛ ደብረ ብርሃን ወስዶ ይሸጣል። ዕድሜውን ሙሉ በሰው መኪና እየጫነ፣ የሹፌር ደጅ ሲጠና ኖሮ፣ በመጨረሻ የራሱን ፒክአፕ ሊገዛ ቆረጠ። ቆረጠ ስላችሁ እንዲሁ አይደለም። በቅሎውን ሸጠ። ከቤቱ በላይ ያለውን ባሕር ዛፍ ሸጠ። አስናቀችም ለክፉ ቀን ያለቻቸውን ሁለት ላሞች አወጣች። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ውስጥ የሚሸጥ ነገር ቢቀር ባልና ሚስቱ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ የምትገዛው መኪና የተሰረቀች ሆና ብትገኝ እህቴ ቤት እሳት ጠፋ ማለት ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ለዚህ ነው የተማረ ሰው የፈለጉት፤ ሲፈልጉ ደግሞ እኔ ቅርብ ተገኘሁ።

መኪናዋን ይዟት የመጣው ኤፍሬም የሚባል የአዲስ አበባ ሰው ነው። እናቱ የመንዝ ተወላጅ ናቸው አሉ፤ ለዘመድ ተዝካር መጥቶ በዚያው ገዢ ቢያገኝ ብሎ በገበያ ቀን አደባባይ አቆማት። አንድ ጊዜ ነጭ የነበረች ፒክአፕ ናት። ገበያተኛው ሁሉ ዙሪያዋን ከቦ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል። ለምን እንደሚመታ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔም መታሁ።

የሽፈራው አባት ጋሽ ጥላዬ ደረሱ። በቅሎና በግ በመግዛት አገር ያመናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ሰባ ዓመት ተታልለው አያውቁም ይባላል፣ የሚሉት ግን እሳቸው ራሳቸው ናቸው። መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሯት። ጎኗን በመዳፋቸው ገፋ አደረጓት። ከኋላዋ ሲደርሱ ቀጥ ብለው አልቆሙም፣ ፈንጠር ብለው በጎን በኩል ነው ያዩዋት፤ ልማድ ነው፣ በቅሎ ኋላ ማንም አይቆምም። ከዚያ ወደ ኤፍሬም ዘወር አሉ።

«ዋስህ ማን ነው?» አሉት።

ለማያውቅ ላስረዳ። በኛ አገር ከማታውቀው ሰው ከብት ስትገዛ ሻጩ ዋስ ይጠራል። ዋሱ አገር የሚያውቀው ሰው መሆን አለበት። ከብቱ ነገ የሌባ ሆኖ ቢገኝ፣ ሻጩ ቢጠፋ፣ ዋሱ በሻጩ እግር ይገባል። ያለ ዋስ በቅሎ የገዛ ሰው በቅሎዋን ብቻ ሳይሆን ጠቧንም ገዝቷል።

«አባቴ፣ ሊብሬ አለኝ» አለ ኤፍሬም፣ የመኪናዋን የባለቤትነት ደብተር ከጃኬቱ ኪስ እያወጣ።

«ሊብሬ ደግ ነው። ሊብሬ ይከሰሳል?»

«እንዴት ይከሰሳል አባቴ? ወረቀት ነው።»

«እንግዲያ የሚከሰስ ሰው አምጣ።»

እዚህ ላይ ነው ጣልቃ የገባሁት። ባልገባ ኖሮ ይህ ወግ አይኖርም ነበር፤ ሁላችንም በጊዜ ቤታችን እንገባ ነበር። ጉሮሮዬን ጠራረግሁና ስለ አሥራ ሰባቱ ቁጥር ማስተማር ጀመርኩ። ሰው ሊዋሽ እንደሚችል፣ ቁጥር ግን እንደማይዋሽ፣ ዋስ ሊሞት እንደሚችል፣ ሻንሲ ግን እንደማይሞት ተናገርኩ። ገበያተኛው ዝም ብሎ ያዳምጠኛል። ክፍል ውስጥ እንደዚያ ተደምጬ አላውቅም።

ጋሽ ጥላዬ በትዕግሥት አስጨረሱኝና፣ «በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» አሉ። «ታዲያ ይሄ ቁጥር አባቷን ይናገራል ትላለህ?»

«አባቷንም አያቷንም ጋሽ ጥላዬ!»

«መልካም። ለቁጥሩስ ዋሱ ማን ነው?»

ይህን ጥያቄ ጋዜጣው አላነሳውም። ምናልባት ላምባው ጋ ይሆናል። ዙሪያውን ሳይ ሰው ሁሉ እኔን ያያል። ሽፈራውም ያየኛል፤ ዓይኑ ውስጥ በቅሎውም፣ ባሕር ዛፉም፣ ሁለቱ ላሞችም ይታያሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፤ እኔ ደግሞ ሞኝም ነበርኩ ወረቀትም ይዤ ነበር።

«እኔ ነኝ!» አልኩ። «ለቁጥሩ እኔ ዋስ ነኝ!»

«በሉ ስሙ» አሉ ጋሽ ጥላዬ ወደ ሕዝቡ ዞረው። «መምህር የቁጥሩ ዋስ ሆኗል።»

ቁጥሩን ማንሳት የኔ ሥራ ሆነና ያለችኝን አንድ ሙሉ ልብስ ለብሼ መኪናዋ ሥር በጀርባዬ ገባሁ። ቁጥሩ በቀኝ የፊት ጎማ በኩል ሻንሲው ላይ ነው ብሎ ጠቁሞኛል ኤፍሬም። አለ ማለት ግን ይታያል ማለት አይደለም። ከላይ የመንዝ ጭቃ፣ ከሥሩ ቀይ የሌላ አገር ጭቃ፣ ከዚያ ሥር ግሪስ፣ ከግሪሱ ሥር ደግሞ ምን እንደሆነ የማላውቀው ጥቁር ነገር ተጋግሯል። ከጠላ ሻጯ ማንኪያ አስመጥቼ ፋቅሁ። በላምባ አጠብኩ። በአፌ እፍ አልኩ፤ የፋቅሁት ሁሉ ተመልሶ ዓይኔ ውስጥ ገባ። የሚታየው እግሬ ብቻ ስለነበር በዚያ የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ይጠይቃል።

«ምነው፣ ገጨው እንዴ?» ትላለች አንዲት ሴት።

«ኧረ እያነበበ ነው።»

«መኪና ሥር?»

«የተማረ ሰው ነው።»

«አይ! እግዚአብሔር ይማረው» ብላ አለፈች።

ብረቱ ብቅ ሲል የደብተር ወረቀት ለጠፍኩበትና በእርሳስ ጎን አሸሁት። ሳንቲም ላይ ወረቀት አድርጋችሁ ካሻችሁ አንበሳው እንደሚወጣ፣ ቁጥሩም አንድ በአንድ ወጣ። ስቆጥረው አሥራ ስድስት ሆነ። ደግሜ ስቆጥረው አሥራ ስምንት። በሦስተኛው አሥራ ሰባት ሲሆን ቶሎ ብዬ መቁጠሬን አቆምኩ። ከመኪናው ሥር ስወጣ ስምምነቱ አልቋል፣ ውሉ ተጽፏል፣ ሰው እጅ ለእጅ ተጨባብጧል። ገሚሱ ክፍያ በእጅ፣ ቀሪው ስም ሲዛወር ነው፤ ሊብሬውም እስከዚያው ኤፍሬም ዘንድ ይቆያል ተባለ። ቁጥሩን እንኳ ሳላነብላቸው አምነውኝ ተስማሙ ብዬ ደስ አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም ደስ አለኝ።

መኪናዋ ያን ዕለት ጋሽ ጥላዬ ግቢ አደረች። በማግስቱ እኔና ሽፈራው ቁጥሩን አስመርምረን ስም ማዛወሩን ልናስጀምር ወደ ደብረ ብርሃን ወረድን። ሽፈራው መንጃ ፈቃድ ካወጣ ቆይቷል፣ የሚነዳው ግን አልነበረውም፤ ስለዚህ ሞላሌ እስክንደርስ ድረስ መሪውን የያዘው ሰው ሊነጥቀው እንደመጣ አድርጎ ነው። ጣርማ በር ላይ ጉም ዋጠን። እኔ ወረቀቴን ደረቴ ውስጥ ይዤ በጉሙ ውስጥ ስለ ሻንሲ አስተምረዋለሁ። እሱ የሚጸልይ ይመስለኛል።

መሥሪያ ቤቱ ስንደርስ የተሽከርካሪ መርማሪው የእጅ ባትሪውን ይዞ ወጣና መኪናዋ ሥር አጎንብሶ አየ። ቆየት ብሎ አየ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ ከዚያ በፊት ያልነበረ ትሕትና ነበር።

«እስኪ እናንተ ተቀመጡ» አለን። «ሻይ ይምጣላችሁ?»

መምህርነቴን ያወቀ መሰለኝ። ሻያችንን ሳንጨርስ አንድ ሳጅንና ሁለት ፖሊስ መጡ።

ሳጅኑ መኪናዋ ሥር ወስዶ አሳየን። ትናንት በማንኪያ ፍቄ፣ በላምባ አጥቤ እንደ መስተዋት ያወለወልኩት ቁጥር መሐል ለመሐል በሞረድ ሦስት ቦታ ተቆርጧል። ጥልቅ፣ ንጹሕ፣ ገና የሚያበራ ቁርጥ። ሦስት ቁጥሮች ጠፍተዋል። የተሰረቀ መኪና የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ሌባ መጀመሪያ የሚሞርደው የሻንሲ ቁጥር ነው። ይህንንም ያ ጋዜጣ ጽፎት ነበር፤ እኔ ራሴ ጠላ ቤት አስተምሬዋለሁ።

«ማን ነው የሞረደው?» አለ ሳጅኑ።

«እኛ አይደለንም! ትናንት ደህና ነበር! ይኸው» ብዬ ወረቀቴን ከደረቴ መዘዝኩ።

ወረቀቱን አገላብጦ አየው። «ይህን መቼ አነሳኸው?»

«ትናንት።»

«ማለትም ከመሞረዱ አንድ ቀን በፊት።»

«አዎ!» አልኩ፣ ነፃ የወጣሁ መስሎኝ።

«ቁጥሩ እንደሚጠፋ ባታውቅ ኖሮ ለምን አስቀድመህ ቅጂ ትይዛለህ?»

ወረቀቴ ኤግዚቢት ተብሎ የሳጅኑ መሳቢያ ውስጥ ገባና ተቆለፈበት።

ሽፈራው ይህ ሁሉ ሲሆን ተንበርክኮ ብረቱን ያያል። ጣቱን በሦስቱ ቁርጥ ላይ አመላለሰ። ቀስ እያለ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይሄማ» አለ፣ «ይሄማ የአባቴ ምልክት ነው።»

የጋሽ ጥላዬ በጎች ምልክት የቀኝ ጆሮ ሦስት ብጥ ነው። የመንዝ በግ በጋራ ሜዳ ስለሚውል፣ ሁሉም ሰው የበጉን ጆሮ በየራሱ ዓይነት ይበጣል፤ ማታ ሲለይ ጆሮ አይቶ ነው። ሽፈራው ይህን ለሳጅኑ አስረዳ። ሳጅኑ ብዕሩን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

«አባትህ መኪናዋን በግ መስለዋቸው ነው?»

«አይደለም ጌታዬ። የገዙትን ነገር ያለ ምልክት አያሳድሩም።»

«ጆሮዋ የቱ ነው ታዲያ?»

ሽፈራው አንገቱን ደፋ። መኪናዋ ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ተወስዳ ቆመች፤ ሽፈራው የሰው ንብረት ይዞ ተገኝቷል ተብሎ ታሰረ። እኔን የመምህርነት መታወቂያዬ አዳነኝ። «ሂድና ማስረጃ አምጣ» አሉኝ። ኤፍሬም የተወልንን የስልክ ቁጥር ደጋግሜ ባስደውል ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም።

በአውቶቡስ ተመልሼ መሐል ሜዳ ገባሁ። አስናቀች ብቻዬን ስመጣ አይታ ደጃፉ ላይ ቆመች። ወግ ጸሐፊ ሆኜ ይህችን ቦታ በቀልድ ባልፋት ደስ ይለኝ ነበር፤ አልቻልኩም። እህቴ አልጮኸችም። «ወንድሜ፣ ባሌን የት ጣልከው?» ብቻ ነው ያለችው። ለፋሲካ ገበያ የተገዙት በጎች በረት ውስጥ ይጮኻሉ። ስነግራት እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «እሱን ሳትይዝ እንዳትመጣ» ብላ ወደ ውስጥ ገባች። አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ ቆምኩ፤ መሬቱም ደንጊያ ነው፣ እንኳን ለሰው ለበቆሎም አይከፈትም።

ጋሽ ጥላዬ ግን ምንም አላፈሩም።

«አዎ፣ እኔ ነኝ ያደረግሁት» አሉ። «ከብት ገዝቼ ያለ ምልክት አላሳድርም።»

«ቁጥሩ ላይ ነዋ የሞረዱት ጋሽ ጥላዬ!»

«ታዲያ የት ልሞርድ? የድሮው ባለቤት ምልክት እሱ አይደል? የድሮው ምልክት ሳይሻር አዲስ አይደረግም። አንተው ፍቀህ አጥበህ ቦታውን ባታሳየኝ ኖሮ እኔ የት አውቀዋለሁ?»

ይህ ደግሞ እውነት ነው። ከተወለደች ጀምሮ በጭቃ ተሸፍና በሰላም የኖረችውን ቁጥር ገላልጬ ለሞረድ ያመቻቸሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ጥላዬ ጋቢያቸውን ደረቡ፣ በረት ገብተው አንድ ሙክት በግ እየጎተቱ ወጡ።

«ይሄ ለምንድን ነው?»

«ማስረጃ አምጣ አላሉህም?»

የአውቶቡሱ ረዳት በጉን ፖርቶ መጋላ ላይ ሊሰቅለው ሲል ጋሽ ጥላዬ እጁን ያዙት። «ምስክር ነው። ምስክር ጣራ ላይ አይሰቀልም» አሉት። ረዳቱ አንድ ጊዜ በጉን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየና ተወን። ምስክሩ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ እግሬ መሐል ተቀምጦ የሱሪዬን ጫፍ አኘከ።

ፖሊስ ጣቢያ ስንደርስ ሳጅኑ መጀመሪያ ተቆጣ፣ በመጨረሻ ማስመሪያ አስመጣ። በአንድ እጁ የበጉን ጆሮ፣ በሌላው የእጅ ባትሪ ይዞ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። እኔ በጉን ከኋላ እገፋለሁ። ሻንሲውን ለካ፣ ጆሮውን ለካ። ሦስት ቁርጥ፣ ሦስት ብጥ፤ መካከለኛው በሁለቱም ላይ ረዘም ይላል። ሳጅኑ ከተንበረከከበት ሳይነሳ ሳቀ። ፖሊሶቹ ሳቁ። መስኮት ላይ ሽፈራው እንኳ ሲስቅ አየሁት።

«እሺ፣ የሞረዱት እርስዎ መሆንዎን አመንኩ» አለ ሳጅኑ ዓይኑን እየጠረገ። «ይህ ግን ምልክቱ የማን እንደሆነ ነው እንጂ መኪናዋ የማን እንደሆነች አይናገርም። አዲስ አበባ ጠይቀናል፤ መልስ እስኪመጣ ልጅዎ ይቆያል። በጉም ኤግዚቢት ነው፤ አይወጣም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽፈራው ውስጥ፣ በጉ ደጅ፣ እኔ መሐል ሆንኩ። ለአንዱ እንጀራ፣ ለሌላው ሣር አመላልሳለሁ። በየቀኑ መልስ መጣ ወይ እያልኩ እጠይቃለሁ። በመጨረሻ መጣ። «የላካችሁልን ቁጥር ያልተሟላ በመሆኑ መዝገቡን ልናገኝ አልቻልንም፤ አሥራ ሰባቱንም አሟልታችሁ ላኩ» ይላል። የተሟላው ቁጥር ያለው በኔ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ነው። መሳቢያው እንዳይከፈት ደግሞ ወረቀቱ ኤግዚቢት ነው፤ ተአማኒነቱ ያልተረጋገጠ ሰነድ ነው፤ ተአማኒነቱ የሚረጋገጠው ከመዝገቡ ጋር ሲመሳከር ነው። ሳጅኑ ይህን ሲያስረዳኝ በጣም ጨዋ ነበር። ሁለት ጊዜ አስረዳኝ።

ጋሽ ጥላዬ ደግሞ የሉም። በጉን ባስረከቡ ማግስት ተሰናብተውኝ እንኳ ሳይሄዱ ጠፉ። ልጃቸውን እስር ቤት፣ እኔን በግ ላይ ጥለው አገራቸው ገቡ ብዬ ተቃጠልኩ። በሆዴ ያልኳቸውን እዚህ አልጽፈውም፤ ሽማግሌ ናቸው። ሣሩን እያጨድኩ የቁጥር ዋስ የሆንኩባትን ሰዓት ረገምኩ። ሽፈራው ባይፈታ ምን አፍ ይዤ እህቴ ፊት እቆማለሁ? ፋሲካው ደግሞ እየቀረበ ነው።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጋሽ ጥላዬ ዘንጋቸውን ተደግፈው በጣቢያው በር ገቡ። ከኋላቸው አንድ ቁመተ ረጅም፣ ጥቁር በርኖስ የደረቡ ሽማግሌ። ከሽማግሌው ኋላ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ኤፍሬም! ፊቱ ነጥቷል፤ እጁ ላይ ወፍራም ዶሴ ይዟል።

በርኖስ የደረቡት አቶ ንጋቱ ይባላሉ፤ መንዝን ከዳር እስከ ዳር በርኖስ በመነገድ የሚታወቁ፣ የኤፍሬም እናት ታላቅ ወንድም ናቸው። ከሳጅኑ ፊት ቆመው፣ «የእህቴን ልጅ ከአዲስ አበባ ይዤው መጣሁ» አሉ። «ዋሱ እኔ ነኝ። አምጣው ስባል ላመጣው ነበር ቃሌ፤ ይኸው።»

ኤፍሬም ሊብሬውን አስቀድሞ ዶሴውን ዘረገፈ። መኪናዋ አገር ስትገባ የጉምሩክ ወረቀት አለ፤ እሱ የገዛበት ውል አለ፤ ከሱ በፊት የነበረው ሰው የገዛበት ውል አለ። አሥራ ሰባቱ ቁጥር በሁሉም ላይ ተጽፏል። ሳጅኑ መሳቢያውን ከፈተና ወረቀቴን አውጥቶ አንድ በአንድ አመሳከረ፤ ልክ ነው። ንጹሕ መኪና ናት። ለተሞረደው ቁጥር ማስተካከያ የሚጠየቅበትን ማመልከቻ ሳጅኑ ራሱ ነገረን። እኩለ ቀን ሳይሞላ በጉም ተለቀቀ፣ ሽፈራውም ወጣ። የአባቱን ጉልበት ሳመ፣ የአቶ ንጋቱን ጉልበት ሳመ፣ እኔን ደግሞ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ያን ጊዜ ጎማዋን እንደመታናት ማለት ነው።

ኤፍሬም ወደ አዲስ አበባ አውቶቡስ ሮጠ። እኛ ወደ መኪናዋ ስንሄድ ጋሽ ጥላዬን እጅጌያቸውን ይዤ ወደ ኋላ አስቀረኋቸው።

«ጋሽ ጥላዬ፣ አቶ ንጋቱን መቼ ነው ዋስ ያስጠሩት?»

«በገበያው ዕለት ነዋ። አንተ እዚያ ሥር ተኝተህ ሳለ። ያለ ዋስ ልገዛልህ ኖሯል?»

«ታዲያ ሰው ዋስ ከነበረ፣ እኔን በሕዝብ ፊት የቁጥር ዋስ ያደረጉኝ ለምንድን ነው?»

ቆም ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ፌዝ የለም፤ እውነተኛ ርኅራኄ ነው ያየሁት።

«ቅር እንዳይልህ ብዬ ነው ልጄ» አሉ። «ወር ሙሉ ደክመህበታል።»

ጋቢናው ሦስት ሰው ነው የሚይዘው። ሽፈራው መሪውን ያዘ፤ አቶ ንጋቱ በመስኮቱ በኩል፣ ጋሽ ጥላዬ በመሐል ገቡ። እኔ የበጉን ገመድ ይዤ ከኋላ ወጣሁ። ሞተሩ ተነሳ። ልንንቀሳቀስ ስንል የፊቱ በር ተከፈተና ጋሽ ጥላዬ በአቶ ንጋቱ ጉልበት ላይ ተንጠራርተው ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ወረወሩልኝ።

«መምህር! ጣርማ በር ላይ ይበርዳል፣ ደርብ!» አሉ። «ለበጉም ጫፉን አድርግለት።»